ሥራ ፈላጊውና የሙሳ (ዐ.ሰ.) በትር



በዚህ ወር በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ደብዳቤዎች ደርሰውናል። አንዱ ከቢቸና፣ ሌላው ከሞጣ ነው። ሁለቱም ከተሞች ከደጀን ተነሥቶ በደብረ ወርቅ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ ያሉ ናቸው። ጥያቄዎቻቸውም አንድ ቦታ ላይ የሚገናኙ ሆነው ስላገኘናቸው በአንድነት ልንመልሳቸው ወደድን።

የቢቸናው ወንድማችን በሒሳብ አያያዝ ትምህርት በዲግሪ ከተመረቀ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ይመዘገባል፣ ይፈተናል፣ ባዶ እጁን ይመለሳል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭቱ ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ማስታወቂያው ራሱ ብርቅ ሆኗል፤ ለፈተና ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር መሄድም እንደ ቀድሞው ቀላል አይደለም። «ሌሊት እየተነሣሁ ዱዓ አደርጋለሁ፤ ኢስቲኻራም ደጋግሜ ሰግጃለሁ፤ ግን ምንም አልታየኝም። አላህ ለምን ሥራ እንደ ፈጠረኝ በምን ልወቅ?» ሲል ይጠይቃል።

የሞጣዋ እህታችን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ቤት ተቀምጣለች። አባቷ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዓርብ ዕለት፣ በሞጣ መስጂዶች ሲቃጠሉና የሙስሊሞች ሱቆች ሲዘረፉ የእርሳቸውም ሱቅ አብሮ ሄደ። ወገን ከአገር ውስጥም ከውጭም ተረባርቦ ገንዘብ ማዋጣቱን ሁላችንም እናስታውሳለን፤ እርሳቸው ግን እንደ ቀድሞው ወጥተው ወርደው ለመነገድ ዕድሜያቸው አልረዳቸውም። ልጃቸው ስፌት ትወዳለች። በጎረቤት ሲንጀር የሰፋቻቸው ልብሶች ተወድደውላታል። የራሷን መኪና ለመግዛት ብድር ብትጠይቅ ወለድ አለበት። ዘካ እንዳትቀበል ቤተሰቦቿ «እኛ እኮ ሰጪዎች ነበርን» ብለው ያፍራሉ። በዚህ መካከል ደላላ እየተመላለሰ «ዐረብ አገር ላኳት» ይላል። በሞጣ ያንን ቀን ያደረሱትን ሰዎች የሚመለከተው የፍትሕ ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው፤ የዛሬው ርእሳችን እንጀራ ነውና ወደዚያው እንለፍ።

ለሁለቱም መልሳችንን ከሱረቱል ቀሶስ እንጀምራለን። የሙሳን (ዐ.ሰ.) ታሪክ አብዛኞቻችን የምናውቀው በባሕሩ መከፈልና በፊርዐውን መስጠም ነው። በመካከል ያለችው የመድየን ታሪክ (ከ28፡22 እስከ 29) ግን ሥራ የሚፈልግ ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ሊያነባት የሚገባት ናት።

ሙሳ በቤተ መንግሥት ያደገ ሰው ነበር። በእጁ ሰው ሞተበትና ሊገድሉት ሲዶልቱ ሸሽቶ ዘመድ የሌለው አገር ገባ። ጉድጓዱ ዘንድ ሲደርስ እረኞች ተጋፍተው ከብቶቻቸውን ሲያጠጡ፣ ሁለት ሴቶች ደግሞ በጎቻቸውን ወደ ኋላ ሲከለክሉ አየ። ጠየቃቸው። አባታቸው ያረጁ መሆናቸውን፣ እረኞቹ እስኪወጡም እንደሚጠብቁ ነገሩት። ሙሳም አጠጣላቸው። ማንም አልቀጠረውም፤ ዋጋም አልተነጋገረም። ከዚያ ወደ ጥላ ዘወር ብሎ ከጌታው ለሚወርድለት መልካም ነገር ሁሉ ችግረኛ መሆኑን ተናገረ።

እስቲ ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል። መጀመሪያ ማጠጣቱ፣ ቀጥሎ ጥላው፣ ከዚያም ዱዓው። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከጥላው ነው። ዱዓውንም ልብ እንበል፤ «ይህን መሥሪያ ቤት፣ ይህን ደመወዝ» አላለም። ችግሩን ብቻ ለጌታው አቀረበ፤ አላህ ደግሞ ሥራም፣ ቤትም፣ ትዳርም በአንድ ቀን አመጣለት። ወንድማችን ሆይ! ዱዓህ አልተሰማም ብለህ አትደምድም፤ ምናልባት አንተ በር ብለህ የቆምክበት አንድ በር ብቻ ስለሆነ ይሆናል።

ከሁለቱ ሴቶች አንዷ በሐያእ እየተራመደች መጥታ አባቷ እንደሚጠሩት ነገረችው። ቤት ከደረሱ በኋላ ለአባቷ «ቅጠረው» ስትል ያቀረበችው ማስረጃ ሁለት ነገር ነው፤ ብርቱ መሆኑና ታማኝ መሆኑ። ሥራ ፈታኝ ኮሚቴ ሁሉ ተሰብስቦ ከዚህ የተሻለ መመዘኛ ያወጣ አይመስለንም። ዲግሪ ከብርታት አንዱን ክፍል ይመሰክራል። አማና ግን በወረቀት ላይ አይጻፍም፤ ሰው በዓይኑ ያየው ነው። እርሷ ያየችው ጉድጓዱ ዘንድ፣ ማንም በማያስገድድበት ሰዓት ነበር።

ስለዚህ ወንድማችንን አንድ ጥያቄ እንጠይቀው። በሦስቱ ዓመታት ሥራህን ያየ ሰው ማን ነው? ቢቸና በነጭ ጤፏ የታወቀች፣ ገበያዋም ሞቅ ያለ ከተማ ናት። በዚያ ገበያ ስንት የእህል ነጋዴ፣ ስንት ባለ ሱቅ ነው ዱቤውንና ሽያጩን በልቡ ይዞ ግብር በመጣ ቁጥር የሚጨነቀው? የመስጂዱስ ገቢና ወጪ እንዴት ነው የሚመዘገበው? የአንድ ነጋዴ መዝገብ ለአንድ ወር በነጻ አስተካክለህ ስጥ። ሁለተኛው ነጋዴ «ለእኔም ሥራልኝ» ሲል ዋጋህን ንገረው። የመንግሥት ማስታወቂያ ሲወጣ ተመዝገብ፣ ማንም አይከለክልህም፤ እስከዚያ ግን ውሃ ቅዳ።

በዚህ አጋጣሚ ለቀጣሪዎችም አንድ ቃል አለን። በመድየን ያሉት አዛውንት ውሉን ግልጽ አደረጉ፤ ስምንት ዓመት፣ በፈቃዱ ከጨመረ ዐሥር፤ ሊያስቸግሩት እንደማይሹም ነገሩት። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ሙሳ ረዥሙን ዘመን እንደ ፈጸመ መናገራቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ዛሬ የወንድሙን ልጅ ሱቅ አስቀምጦ፣ ምሳ አብልቶ፣ «ልጄ አይደል እንዴ!» እያለ ያለ ደመወዝ ዓመት የሚያሠራ ነጋዴ በመካከላችን ጥቂት አይደለም። ልጅህ ከሆነ ደመወዙን ለይተህ አስቀምጥለት፤ ነገ መነሻ ይሆነዋል።

አሁን ወንድማችን አጥብቆ ወደ ጠየቀው ነገር እንምጣ። ለምን እንደ ተፈጠርኩ በምን ልወቅ ይላል። ሙሳ ለነቢይነት የተጠራው መቼ ነው? በቤተ መንግሥት ተንደላቅቆ ሳለ አይደለም። ከጥላው ሥር ተቀምጦ ሳለም አይደለም። የእረኝነት ዘመኑን ፈጽሞ፣ ቤተሰቡን ይዞ በመንገድ ላይ ሳለ፣ ለሚሞቁት እሳት ፍለጋ ወደ ጡር ተራራ በወጣ ጊዜ ነው። በሱረቱ ጧሃ እንደምናነበው አላህ (ሱ.ወ.) በቀኝ እጁ ስለ ያዘው ነገር ጠየቀው። እርሱም በትሩ መሆኑን፣ እንደሚደገፍበት፣ ለበጎቹ ቅጠል እንደሚያረግፍበት፣ ሌላም ጉዳይ እንዳለው ዘረዘረ። ያቺ የእረኛ በትር ናት ድግምተኞቹን ያሸነፈችው፤ ባሕሩም የተከፈለው በእርሷ ተመትቶ ነው። አላህ ከሰማይ አዲስ መሣሪያ ማውረድ ይሳነው ነበርን? አይሳነውም። ነገር ግን በሥራ የተለመደችውን፣ እጁ የሚያውቃትን በትር መረጠ። ስምንትና ዐሥር ዓመት በግ የጠበቀ ሰው «ጊዜዬ ባከነ» ቢል ኖሮ በትሩን የት ያገኘው ነበር?

ኢስቲኻራን በተመለከተ በወጣቶቻችን ዘንድ የተለመደ ስሕተት አለ። ሰግደው ሕልም ይጠብቃሉ። ጃቢር (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ኢስቲኻራን የቁርኣን ሱራ እንደሚያስተምሩ አድርገው ሲያስተምሩ፣ የሚጀምሩት አንድ ሰው አንድን ጉዳይ ለማድረግ ባሰበ ጊዜ ብለው ነው። ስለ ሕልም የተባለ ነገር የለም። አስቀድሞ ጉዳይ ሊኖር ይገባል፤ ነጋዴው መዝገቡን እንድትይዝለት ጠርቶሃል፣ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ልትሄድ አስበሃል። ያን ጊዜ ባለሙያ አማክረህ፣ ሰግደህ፣ ትነሣና ትጀምራለህ። ለአንተ መልካም ከሆነ አላህ እንዲያገራልህ፣ ካልሆነም እንዲያርቅልህ ነው የለመንከው። መልሱ የሚታየው ስትጀምረው ነው።

ዝንባሌን ስለ ማወቅ ኢብኑል ቀዪም ስለ ልጆች በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ ወላጅ ልጁ ለምን ነገር እንደ ተዘጋጀ እንዲመለከት ይመክራሉ። ዕውቀት የሚያነሣና የሚይዝ ከሆነ ለዕውቀት፣ ፈረስና ጦር የሚማርከው ከሆነ ለዚያ፣ እጁና ዓይኑ ወደ እደ ጥበብ የሚያደላ ከሆነም ሙያው የተፈቀደ እስከ ሆነ ድረስ ለሙያው እንዲተወው እንጂ ካልተፈጠረለት ጋር እንዳያታግለው። ይህን ምክር ከጻፉ ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ሆኗል። እኛ ዛሬም ክፍል ውስጥ የምናየው አባት፣ በእንጨት ሥራ እጁ የተባረከለትን ልጅ «ዶክተር ካልሆንክ» እያለ ሲያስጨንቅ ነው።

ዝንባሌ ብቻውን ግን አይበቃም። የአገሩ ጉድለትም ይጠየቃል። ኢማም አል-ገዛሊ በኢሕያእ ውስጥ እርሻን፣ ሽመናንና ስፌትን ሳይቀር ከፈርድ ኪፋያ ይቆጥራሉ፤ ማለትም በከተማው አንድም ሠሪ ከታጣ ሁሉም ተጠያቂ የሚሆንበት ግዴታ ነው። በዘመናቸው የነበሩ ተማሪዎች ሁሉም ወደ ፊቅህ ሲጋፉ ብዙ ከተማ ያለ ሙስሊም ሐኪም መቅረቱንም አጥብቀው ይወቅሳሉ። እንግዲህ «የተፈጠርኩለት ምንድን ነው?» የሚል ሁሉ ከራሱ ውስጥ ብቻ አይፈልግ። ወደ ገበያ ወጥቶ ምን እንደ ጎደለ ይይ። ለእርሱ የቀለለውና ለከተማው የጎደለው በተገናኙበት ቦታ ይጀምር።

አያቶቻችን ይህን ያውቁት ነበር፤ ያወቁትም በመከራ ነው። በቀድሞው ሥርዓት በጎጃም እንደ ሌላውም የመካከለኛው ደጋ አገር ሙስሊሙ በአመዛኙ ርስት አልነበረውም። «ሰማይ ዓምድ የለው፣ እስላም አገር የለው» ይባልበት የነበረ ዘመን ነው። መሬት ሲከለከሉ ንግድና ሽመና ያዙ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በምሥራቅ ጎጃም የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ ከዐባይ ማዶ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ የሚመጣበት ትልቅ ገበያ ነበር። አሞሌ ጨውና ሸቀጥ ጭነው በረሃውን ወርደው፣ ዐባይን ተሻግረው እስከ ሊሙና ጅማ የሚዘልቁት ነጋዴዎች አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ። የቀሩት ቤታቸው ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን አስገብተው ሸማ ሲሠሩ ያገሩን ሕዝብ አለበሱ፤ ያለበሱት ሕዝብ ግን ሙያቸውን ይንቅ ነበር። በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ሲታወጅ ነው ብዙዎች መሬት ያገኙት። ዛሬ የእነዚያ የልጅ ልጅ ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ፣ አያቱ ቤተሰብ ያስተዳደሩበትን ሙያ ሲያፍርበት ስናይ ያስገርመናል። ዳውድ (ዐ.ሰ.) በእጃቸው ሥራ ይበሉ ነበር፤ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) አናጢ ነበሩ። የሚያሳፍር ሙያ ቢሆን ኖሮ አላህ ለነቢያቱ አይመርጠውም ነበር።

ወደ ሞጣዋ እህታችን እንመለስ። እህታችን፣ ቤተሰቦችሽ ስለ ዘካ የሚሰማቸው ኀፍረት ከመልካም ልቡና የመጣ ነው፤ እናከብረዋለን። ነገር ግን ሙስሊም በዘገቡት የቀቢሳ ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጠየቅ የተፈቀደላቸውን ሰዎች ሲቆጥሩ ከሦስቱ አንዱ ንብረቱን መቅሠፍት ያጠፋበት ሰው ነው፤ ኑሮውን የሚያቋቁምበትን እስኪያገኝ ድረስ። በአንድ ቀን የወደመ ሱቅ ከዚህ በላይ ምን ይሆናል? ትናንት ሰጪ የነበረ ሰው ዛሬ ቢቀበል ሐቁን ተቀበለ እንጂ አልለመነም። መኪናሽን ገዝተሽ ሥራሽ ሲቆም ደግሞ ነገ ሰጪ ትሆኛለሽ፣ ኢንሻአላህ።

ይህን ስንል ለጀመዓዎቻችን የምንለው አለን። በብዙ ቦታ ዘካ የሚከፋፈለው ለእያንዳንዱ ጥቂት ብር እያደረሱ፣ የረመዳን ማፍጠሪያ ያህል ነው። ችግረኛው በሚቀጥለው ዓመትም ያው ችግረኛ ሆኖ ይመጣል። ኢማም አን-ነወዊ በአል-መጅሙዕ የሻፊዒያ ዑለማእን አቋም ሲያብራሩ ሙያ ላለው ሰው የሙያው መሣሪያ መግዣ ይሰጠዋል ይላሉ፤ ዋጋው ጥቂትም ይሁን ብዙ። ልብስ ሰፊን፣ አናጢን፣ ሥጋ ሻጭን በስም ይጠቅሳሉ። ለነጋዴው ደግሞ እንደ ንግዱ ነው፤ ጎመን ለሚሸጥ አምስት ወይም ዐሥር ዲርሃም ሊበቃው ይችላል፤ ዕንቁ ለሚሸጥ ግን ዐሥር ሺህ ዲርሃም ካስፈለገው ዐሥር ሺህ። እንግዲህ ለስፌት ባለሙያ ሲንጀር መግዛት ዛሬ የተፈጠረ ሐሳብ አይደለም፤ ከሰባት መቶ ዓመታት በፊት የተጻፈ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ከጤፉ ይመጣል። በዝናብ የበቀለ እህል ዘካው ከዐሥር አንድ ነው፤ በአብዛኞቹ ዑለማእ ስሌት ምርቱ ስድስት ኩንታል ተኩል ገደማ ሲሞላ ግዴታ ይሆናል። ሃያ ኩንታል ጤፍ ያስገባ ገበሬ ሁለት ኩንታል አለበት ማለት ነው። ዐሥር እንደዚህ ያሉ ገበሬዎች ያሉበት አንድ ጀመዓ ሃያ ኩንታል ጤፍ ይሰበስባል። የጤፍን የዛሬ ዋጋ አንባቢ ያውቀዋልና አስልቶ ይድረስበት። ከዚያ ላይ ለአቅመ ደካሞች ቀለብ ተነሥቶ፣ በቀረው በየዓመቱ ሁለትና ሦስት ወጣት በመሣሪያ ማቋቋም ይቻላል። ከመስጂዱ አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ በአንድ ወገን ሥራ የሚፈልግ ስሙንና ሙያውን፣ በሌላው ወገን ሠራተኛ የሚፈልግ ይጻፍበት። ሱረቱል ጁሙዓ ሶላቱ ሲያበቃ በምድር ተበትነን ከአላህ ችሮታ እንድንፈልግ ያዘናል፤ ኢማሙ ከመበተናችን በፊት ደብተሩን ለአምስት ደቂቃ ቢያነብ ምን ይጎድላል? ደብተሩን የሚይዝ ሰው ከጠፋ የቢቸናው ወንድማችን አለ።

ስለ ዐረብ አገሩ በአጭሩ እንናገር። በ2006 ዓ.ም. ብቻ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተጠርንፈው መመለሳቸውን አንረሳም፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ደላላ ያሻገራቸው ነበሩ። በሕጋዊ መንገድ፣ በተጻፈ ውል መሄድን ሐራም አንልም። ለደላላ የሚከፈለው ገንዘብ ግን በብዙ ቤት አንድ ሲንጀርና አንድ ጣቃ ጨርቅ ሊገዛ የሚችል ነውና ቤተሰቡ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያስላ።

እህታችን፣ ዘካው ካልተሳካ ወይም ካልበቃ ሁለት መንገድ ይቀራል። አንደኛው ዕቁብ ነው። ወለድ የለበትም፤ ሴቶች አምስት ስድስት ሆናችሁ ብትጀምሩ የመጀመሪያው ዕጣ ለአንቺ እንዲሆን ማስፈቀድ ይቻላል። ሁለተኛው ከወለድ ነጻ ባንክ ነው። በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ፣ ከእርሱም ቀጥሎ ሂጅራ ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ ሆነው ሥራ ጀምረዋል፤ ሌሎች ባንኮችም፣ ንግድ ባንክን ጨምሮ፣ የተለየ መስኮት አላቸው። ወደሚቀርብሽ ቅርንጫፍ ስትሄጂ «ሙራበሓ» ብለሽ ጠይቂ። ሙራበሓ ማለት ባንኩ መኪናውን ራሱ ገዝቶ፣ የገዛበትንና የሚያተርፈውን ነግሮ፣ በየወሩ በሚከፈል ለአንቺ መሸጡ ነው። ከመፈረምሽ በፊት ሦስት ነገር አረጋግጪ። ባንኩ መኪናውን በእርግጥ ገዝቶ የራሱ አድርጎታል ወይስ ገንዘቡን ብቻ ነው የሚሰጥሽ? እጅሽ ከመግባቱ በፊት ቢሰበር ኪሳራው የማን ነው? አንድ ወር ብትዘገዪ ዕዳው ይጨምራል ወይስ ባለበት ይቆያል? መልሱ በወረቀት ላይ ይጻፍልሽ፤ ዋስትና የሚጠይቁ ከሆነም ምን ዓይነት እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ፣ አባትሽንም ይዘሽ ሂጂ።

በሚቀጥለው ወር፣ አላህ ካለ፣ ዕቁብ ሲፈርስና ዕጣ የደረሰው ሰው መክፈል ሲያቆም ስለሚነሡት ጥያቄዎች እንጽፋለን። ጥያቄዎቻችሁን ላኩልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።